ይህቺ ምን አላት

ባለፈው ሳምንት ለአንድ በር ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

አዎ፣ በር። ቆቃ አስፋልቱ ዳር፣ ከዓሣ ጠባሾቹ ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ አንድ አረንጓዴ ነገር ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቁመቱን አይቼ ትልቅ ሰው መሰለኝና ተነሥቼ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። መልስ ሳይሰጠኝ እልፍ አለ። ሙሉ የብረት በር መሆኑን ያየሁት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከበሩ ኋላ ሁለት ጎረምሶች፣ ከጎረምሶቹ ሥር ደግሞ አንዲት ምስኪን ሞተር አለች። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው በሩን በሁለት እጁ አቅፎ ከነፋስ ጋር ይታገላል፤ ራሱ የሚይዘው ነገር የለውም። የዘመኑ ልጅ ሰላምታ አይመልስም እያልኩ ስማረር ኖሬ፣ በስተርጅና ጭራሽ በር ዘጋኝ!

እዚህ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ሲኒማ አያምረውም። ከሞጆ ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው ሁሉ በፊቴ ነው የሚያልፈው። ፍራሽ ራሱን ነድቶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ነጂው ውስጡ ተጠቅልሎ ከዓይኑ በቀር የሚታይ የለውም። ነዳጅ ታንከሩ ላይ የተቀመጠ በግ አይቻለሁ፤ ከነጂው ይልቅ መንገዱን በጥሞና የሚያየው በጉ ነበር። አንዱ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ አግድም ጭኖ መጣ፤ በቀኝ እግረኛውን፣ በግራ ጋሪውን ሊያጭድ ምንም አልቀረው። የቲማቲም ሳጥን በሳጥን ላይ ደርድሮ ያለፈውን ስቆጥር ስምንት ላይ ስደርስ ከዓይኔ ራቀ። ቆሮሶና አምባዛ በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ የሚያልፈውንማ በሽታው ነው የምለየው፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ የሰፈሩ ድመት በሙሉ እንደ ቀብር ሸኚ ከኋላ ይከተላል። አጠገቤ የሚቀመጡት የኦሮሞ ሽማግሌ ወዳጄ ላለፈው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው “ሱታ! ሱታ!” ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ማን ሰምቷቸው!

ስለ ጭነት እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገር ነው? አባቴ እህል በአህያ እየጫነ ሞጆ ገበያ ያመላልስ ነበር። መጀመሪያ የአህያይቱን ጀርባ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ገጣባ ካገኘ የዚያን ቀን ገበያ ቀረ። ከዚያ መደላድሉን ያስተካክላል። ቀጥሎ ሁለቱን ስልቻ በግራና በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ ይመዝናል፤ አንዱ ካዘነበለ እፍኝ ዘግኖ ወደ ሌላው ይመልሳል። በመጨረሻ መጫኛውን ያጠብቃል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንዲት አህያ ነው፤ ከሰው እርምጃ ለማትፈጥን፣ ብትወድቅም ተነሥታ አቧራዋን ለምታራግፍ አህያ!

እኔ ደግሞ በ1960ዎቹ የአሰብ መንገድ ላይ የፊያት ረዳት ነበርኩ። ሸራውን ስቤ፣ ገመዱን ወጥሬ “ጨርሻለሁ ጋሼ” ስለው ሾፌሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አያምነኝም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳና ዳር ይይዛል። “ውረድና እየው” ይለኛል። ወርጄ ሳይ ገመዱ ላልቷል። ጭነት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲገባ አፍሮ ጥግ ይይዛል፣ ትንሽ ሲቆይ ተመቻችቶ እግሩን ይዘረጋል። እግሩን ሲዘረጋ ነው ዳግመኛ የሚታሰረው። የዛሬ ልጅ አንዴ አስሮ ሐዋሳ ይደርሳል፤ ጭነቱ ግን አንዳንዴ መቂ ላይ ይቀራል።

የልጄ ልጅ ቦክሰር ሞተር አለው። በእሱ ነው የሚያድረው፤ ሽንኩርትም ዓሣም ያመላልሳል። እግዜር ይስጠው፣ እኔንም ጤና ጣቢያ ያደርሰኛል። አንድ ቀን ጠራሁትና፣

“ለመሆኑ ይህቺ ሞተርህ ስንት ኪሎ ትችላለች?” አልኩት።

“ኧረ አባባ፣ ምንም ትችላለች!”

‘ምንም’ የሚባል ኪሎ በየትኛው ሚዛን ላይ እንዳለ እስካሁን አልነገረኝም።

አህያ ሲበዛባት ትተኛለች። ብትለምናትም፣ ብትመታትም ካልቀነስክላት አትነሣም። አህያውን ሲፈሩ ዳውላውን ይመታሉ ይባላል፤ አባቴ ግን ከዳውላው ላይ ይቀንሳል እንጂ አንዱንም አይመታም ነበር። ሞተር ይሉኝታ ገድሏታል። የጫኑባትን ሁሉ “እሺ” ብላ ትነሣለች። እምቢታዋን የምትናገረው ኩርባ ላይ፣ ወይ ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመስማት ፋታ የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ እንደሚያድግ እኛ በተሳቢ ነው የተማርነው። ልጆቹ ግን በኩንታል ሽንኩርት ሊማሩት ቆርጠዋል።

አስተሳሰራቸውን ደግሞ ተዉት። ከውስጥ ጎማ በተሰነጠቀ ማሰሪያ ጥምጥም አድርገው ጫፉን ይለቁታል። የተለቀቀ ጫፍ ካቴና ሲያገኝ ተጠምጥሞ የኋላውን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል። ባለ መንጠቆው ላስቲክ ሲያመልጥ ደግሞ ሰተት ብሎ የሚሄደው ወደ ሰው ዓይን ነው። ከረጢቱ የኋላ መብራቱን ሸፍኖት ሲመሽ፣ ከኋላ ለሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ሞተሩ የለም፤ የሚያየው ጨለማ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሽንኩርት ነው፣ እሱንም ካየው።

አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ዓሣ ሊበሉ ጥላዬ ሥር አቆሙ። በእኛ መንገድ እንዲህ ያሉ መንገደኞች ብርቅ አይደሉም፤ ከካይሮ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው የአህጉሩ መንገድ በደጃችን ያልፋል። ተዋናዩ ኢዋን ማግሬገርም በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ኬፕታውን በሞተር ሲወርድ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ የልጄ ልጅ በስልኩ አሳይቶኛል። ደርሼበታለሁ፤ እሱ እንኳ ዕቃ የሚሸከሙለት መኪኖች ነበሩት። እነዚህ ግን ብቻቸውን ናቸው። ሞተራቸው ቢ ኤም ደብልዩ ነው፣ በሬ የሚያህል። በግራና በቀኝ የአሉሚኒየም ሳጥን፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሳጥን ተደርጎለታል።

ከዘራዬን ይዤ እንደ ኬላ ተቆጣጣሪ ዞርኩት። የሚነቀፍ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ለእንደኔ ያለ ሰው ትልቅ ጉዳት ነው። የልጄን ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

“ስንት ይችላል?”

ሰውየው ሳያቅማማ መለሰ። ሞተሩ ከነነዳጁ 249 ኪሎ ነው፤ ከነጭነቱ ከ465 እንዳይበልጥ ፋብሪካው ወስኗል። በጣቴ ቆጠርኩ፤ 216 ይተርፋል። “ሁለት ኩንታል ከዚያም በላይ!” ብዬ ደስ አለኝ። ሰውየው ጣቱን አወዛወዘ። እሱና ሚስቱ ከነጫማቸውና ከነወፍራም ልብሳቸው 160 ይመዝናሉ።

“ሰው ደግሞ ጭነት ነው እንዴ?” አልኩ።

“ነው” አለ፤ ሚስቱ እየሰማችው። የተረፈው 56 ነው። ሳጥኖቹና የታሰሩበት ብረት ባዷቸውን 20 ይሆናሉ። ስለዚህ ለድንኳን፣ ለልብስ፣ ለመፍቻ፣ ለውሃና ለማብሰያ የቀረላቸው 36 ኪሎ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው፣ ለወራት ጉዞ፣ 36 ኪሎ! ጎረቤቴ ለአንድ ሌሊት ለቅሶ ስትሄድ ከዚህ የሚበልጥ ነው የምትይዘው።

ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ። መፍቻውና ውሃው ከታች፣ ወደ ሞተሩ ወገብ ተጠግቶ ተቀምጧል። ልብሱ ከላይ ነው። ከኋላ ባለው ሳጥን ውስጥ የዝናብ ካፖርትና ዳቦ ብቻ። ለምን ቢባል፣ ክብደት ከኋላ ጎማ ወዲያ ከሄደ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ልጮኽ ምንም አልቀረኝ! አባቴ ቂጧ ላይ የተጫነች አህያ አንገቷን ታነሣለች ይል የነበረው ይኸው አይደለም? ግራና ቀኙን በሚዛን አስተካክሏል፤ አባቴ በእጁ፣ እሱ በትንሽ መንጠቆ ሚዛን። ጎማው ሁለት ዓይነት የንፋስ ልክ አለው፤ አንዱ ለብቻ፣ አንዱ ለሁለት ሰውና ለጭነት። የእኛ ልጆች ጎሚስታ ዘንድ ቆመው “ሙላው በቃ” ነው የሚሉት። የኋላውን ሞላም ለጭነት ጠበቅ የሚያደርግ ማዞሪያ አለው። ከአደሩበት ሲነሡ ትንሽ ሄደው፣ ቆመው፣ ማሰሪያውን ይነካካሉ። ሾፌሬ ከመቃብር ተነሥቶ ፈረንጅ የሆነ መሰለኝ።

ሆዴ ደስ ብሎት ፊቴን ግን አኮሳተርኩ። ጥፋት ያገኘሁባቸው በመጨረሻ ነው፤ ዓሣውን ያለ ሚጥሚጣ በሉት።

የልጄ ልጅ ያን ዕለት ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት አዳማ ሄዶ ከአንድ በያጅ ዘንድ የላሜራ ሳጥን አሠርቶ መጣ። “እንደ ፈረንጆቹ ሆንኩ አባባ!” አለኝ። ሳጥኑን ላነሣ ብሞክር ወገቤ ጮኸ፤ ባዶውን አንድ ሕፃን ልጅ ያህላል። ከዚያስ? ሳጥኑን ሞላው፤ የድሮውን ከረጢት ደግሞ እንደ ወትሮው ከላይ አሰረው። ሳጥኑን ከፈረንጆቹ ተምሮ ሒሳቡን እዚያው ጥሎት መጥቷል።

ግን ፍረዱ ካላችሁኝ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። በፈረንጁ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ አንድ ጭነት አለ፤ አደራ ይባላል። በእኛ አገር መንገድ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ የሰፈሩን ሆድ ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዱ ለልጁ ጫማ። ሁሉም ሲሰጥ የሚላት ቃል አንድ ናት፦ “ይህቺ ምን አላት?” እውነት ነው፣ ብቻዋን ምንም የላትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሆነውም እኮ እያንዳንዷ ሎሚ ቀላል ስለሆነች ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ሻንጣው 23 ኪሎ አልፎበት መሬት ላይ ዘርግፎ የአክስቱን ሽሮ የሚያወጣውን ተጓዥ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ ግን ቢያንስ ሚዛን አለ፤ ፊቷን አኮሳትራ “አይሆንም” የምትል ልጅ ተቀምጣለች። ለሞተር ማን አለለት? ለልጁ “አልችልም” ማለት ነውር፣ ለእኛ ደግሞ አለመላክ ነውር ነው።

የቆቃ ሐይቃችንን እዩት። ውሃውን ያቆረው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ልጅ ነበርኩ። ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ የተሠራ ነው፤ ወደ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ያን ጊዜ ብርቅ የነበረ ግድብ። ታዲያ አዋሽ በየክረምቱ ከደጋ አፈር አጥቦ ያመጣና እዚህ ያራግፋል። ውሃው ሊተኛበት የተዘጋጀውን ቦታ ደለል እየወረሰው ነው። ቋጥኝ ማንም አልጣለበትም። እያንዳንዷ የአፈር ቅንጣት “እኔ ምን አለኝ” እያለች ነው የገባችው።

እንዲህ እየሰበክሁ ሳለ ታኅሣሥ ደረሰ። ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በሞተር ሊሄድ ተነሣ። ቀላል መንገድ አይደለም፤ ከአዳማ እንኳ ቢቆጠር ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወለንጪቲን፣ መተሐራንና አዋሽን በሙቀት አልፎ በአሰበ ተፈሪ ዳገት ወደ ሐረርጌ ደጋ ብርድ ያወጣል። “ቀለል ብዬ ነው የምሄደው አባባ” አለኝ። ደስ አለኝ፤ የመከርኩት ገባው ብዬ።

የመነሻው ዋዜማ ሰፈሩ መጣ። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ለመተሐራ እህቷ አምስት ኪሎ በርበሬ ሰጠችው። ሁለተኛዋ እዚያው መተሐራ ላለ ልጇ ብርድ ልብስ አመጣች፤ መተሐራ! ብርድ በስም እንጂ በመልክ ለማይታወቅበት አገር! ሦስተኛዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። “ባዶ ናት፣ ምን አላት? ሲመለስ ጸበል ብቻ ይሙላልኝ።” አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ባስረዳት፣ “ጸበል እኮ ነው ጋሼ፣ ይቀላል” አለችኝ። ከዘራዬን መሬት ላይ እየመታሁ ሦስቱንም ገሠጽኩ። ፈረንጁን ጠቀስኩ፣ አህያዋን ጠቀስኩ፣ ግድቡን ጠቀስኩ። አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ቤት ገብቼ የራሴን ይዤ ወጣሁ። ለገብርኤል የተሳልኩት ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ነው፤ ዘንጉ ከእኔ ቁመት አያንስም። ከሱ ጋር አንድ ጥቅል ምንጣፍና የጧፍ እስር። ልጁ ዓይኑን ጃንጥላው ላይ ተከለ።

“አባባ፣ ይኼስ?”

“ይኼማ ስለት ነው። ምን አለው?”

ቃሏ ከአፌ ወጣች። ሴቶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እኔ ግን አልተረታሁም። “ለዚያውም” አልኩ፣ “እስከ አዳማ ከኋላህ እፈናጠጥና ጃንጥላውን ራሴ እይዝልሃለሁ፤ ልጄን አይቼ ልመለስ።”

ይህ ልጅ ያን ቀን ጉድ ሠራኝ። አንዲት ቃል ሳይናገር ዕቃውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ እህል ነጋዴው ሚዛን ወሰደው። በርበሬውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ምንጣፉን፣ የላሜራ ሳጥኑን፣ ራሱንም መዘነ። በወረቀት ጻፈ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ “እርስዎም ይውጡ አባባ” አለኝ።

“እኔ? እህል ነኝ እንዴ?”

“ፈረንጁ ሚስቱንም ቆጥሯል።”

ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ፤ “ከዘራውን ያስቀምጡ” አለኝ ነጋዴው። 72 ኪሎ። ገበያው ሳቀ። ልጁ ደመረና ወረቀቱን አሳየኝ፤ ሞተሩ የሚችለውን ብዙ አልፏል። እያንዳንዱን ዕቃ እየቀነሰ ሲሞክር ሒሳቡ አልስተካከል አለ፤ አንድ መስመር ሲሰርዝ ግን ተስተካከለ። የሰረዘው እኔን ነው።

ጃንጥላውንም ለማስቀረት ምክንያት አላጣም። አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34፣ ሁለተኛው 102 ማማዎች አሉት፤ በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት። “136 ማማ የሚያሽከረክር ነፋስ የእርስዎን ጃንጥላ ቢያገኝ ምን ያደርገዋል አባባ?” አለኝ። ዘንጉ በአግድም ታስሮ፣ ዘርፉ ተከፍቶ፣ የልጄ ልጅ ከነሞተሩ በሰማይ ወደ ቁልቢ ሲበር ታየኝ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው።

የላሜራውን ሳጥን ፈትቶ እቤት ጣለው። ብርድ ልብሱን ለባለቤቱ መለሰ። በርበሬው አንድ ኪሎ ሆኖ ሄደ። ጀሪካኑ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ተቀየረ። ጧፏን ከልብሱ ጋር ጠቅልሎ መካከል ላይ አሰራት። ሞጆ ሲደርስ ቆሞ ማሰሪያውን እንደነካካ በስልክ ነገረኝ፤ ድምፄ እንዳይሰማበት ስልኩን ከአፌ አራቅሁ፤ አልቅሼ አይደለም፣ ጉንፋን ነበረብኝ።

እኔ ምንጣፉንና ጃንጥላውን ይዤ በሚኒባስ አዳማ ሄድኩ። ዘንጉ በአምስት ሰው ጉልበት ላይ አረፈ፤ ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ስከራከር፣ “ጋሼ፣ ቦታ ይዟል” አለኝ። ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ እል ነበር። ስለቱ ከአዳማ በአውቶቡስ ከሌሎች ምእመናን ጋር ሄዶ በሰላም ገባ። ልጁም በደህና ተመለሰ።

በር የጫኑት ጎረምሶች ግን አሁንም በፊቴ ያልፋሉ። ትናንት ቁም ሣጥን ነበር፤ አልተነሣሁለትም።

እንግዲህ መንገደኛ የምትሸኙ ወገኖቼ፣ ባለ ሞተሩን ብቻ አትውቀሱ። ዕቃችሁን ሰጥታችሁ “ይህቺ ምን አላት” ከማለታችሁ በፊት እህል ነጋዴው ዘንድ ውሰዷት። ያላትን ሚዛኑ ይነግራችኋል። እግረ መንገዳችሁንም እናንተ ውጡበት፤ ከዘራ ግን አያስቆጥርም።